አዲስ አሠልጣኝና የደጋፊ ተስፋ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የታየ ታሪክ

አንድ የእግር ኳስ ቡድን አዲስ አሠልጣኝ ሲሾም፣ ገና አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይደረግ የደጋፊው መንፈስ የሚታደስበት ልማድ በኢትዮጵያ ከእግር ኳሱ ዕድሜ ያነሰ ነው። ስፖርቱ በአገሪቱ በተደራጀባቸው የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ደጋፊው ተስፋውን የሚጥለው በተጫዋቾቹና ቡድኑን ባቋቋመው ሰፈር፣ ፋብሪካ ወይም መሥሪያ ቤት ላይ ነበር። ተስፋው ወደ አንድ ሰው፣ ማለትም ወደ አሠልጣኙ የዞረው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ ይህንን ጉዞ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆኖ መመልከት የተለየ ጥቅም አለው። ምክንያቱም የደሴ ሰፈሮች በሆኑት በቧንቧ ውሃ፣ በሆጤም ሆነ በፒያሳ የሚኖር ኳስ ወዳድ ልቡ የሚንጠለጠልባቸው ሹመቶች አብዛኛዎቹ የሚፈጸሙት ከከተማው ውጭ፣ አንዳንዶቹም ከአገር ውጭ ነው።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ባነሳችበት በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የቅዱስ ጊዮርጊስ የቀድሞ ተጫዋች፣ የስፖርቱ አደራጅና በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው ነበሩ። ጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ግብፅ ሁለት ጊዜ ስትመራ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ ሆና፣ በጭማሪው ሰዓት ሁለት ግቦች አክላ 4 ለ 2 አሸነፈች። ከዚያ ቀን በሕዝቡ አእምሮ የቀሩት ስሞች በዋነኛነት የአምበሉ የሉቻኖ ቫሳሎ፣ የወንድሙ የኢታሎና የመንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ይድነቃቸውም ቢሆኑ የሚታወሱት በስፖርቱ አባትነታቸው እንጂ፣ ቡድኑን ከውድቀት እንዲያወጡ ተቀጥረው እንደመጡ ባለሙያ አይደለም። በዚያን ዘመን አሠልጣኝነት ከአስተዳደሩና ከተጫዋችነቱ ተለይቶ የቆመ የተስፋ ማዕከል አልነበረም ማለት ይቻላል።

ለውጡን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ለማየት የሚፈልግ መንግሥቱ ወርቁን ይመልከት። በ1954ቱ ፍጻሜ የመጨረሻውን ግብ ያስቆጠረው ይህ አጥቂ ብሔራዊ ቡድኑን በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ወደተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ በአሠልጣኝነት መራ፤ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ውድድር የሆነውን የሴካፋ ዋንጫ በአዲስ አበባ አስገኘ። ዚምባብዌ በፍጹም ቅጣት ምት የተሸነፈችበትን ያንን ፍጻሜ ስታዲየም ለመግባት ያልታደለው የክፍለ ሀገር ሕዝብ የተከታተለው በአብዛኛው በሬዲዮ ሲሆን፣ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ለብዙዎች የጨዋታው ዓይን ነበር። ሜዳውን የማያይ አድማጭ የተጫዋቾቹን አቋቋም በራሱ መመዘን ስለማይችል፣ ስለ ቡድኑ ያለውን እምነት በሚያውቀው አንድ ስም ላይ መሰብሰቡ የሚጠበቅ ነበር፤ የአሠልጣኙ ስም በሕዝብ ዘንድ እየገነነ ከመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ይመስላል።

ከሊቢያው ውድድር በኋላ ኢትዮጵያ 31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆየች። ይህ ረጅም ድርቅ የደጋፊውን ተስፋ ከማድከም ይልቅ ወደ ሹመት ዜና አዙሮታል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ስኮትላንዳዊው ኢፊ ኦኑራ፣ ከእርሳቸው ቀጥሎ ቤልጂማዊው ቶም ሴንትፊት መጥተው ሄዱ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሰውነት ቢሻው ተተኩ። ሰውነት ከዚያ በፊት በ1998 ዓ.ም. የሴካፋን ዋንጫ ያመጡ ስለነበሩ ሹመታቸው ፍጹም አዲስ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ ቡድኑ ቤኒንን አልፎ ከሱዳን ጋር ተገናኘ። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ከተሸነፈ በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ግቦች 2 ለ 0 አሸንፎ ከሜዳው ውጭ ባስቆጠራቸው ግቦች ብልጫ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አለፈ። በቀጣዩ ዓመት ዋልያዎቹ፣ ማለትም የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች፣ ለዓለም ዋንጫ አንድ ዙር ብቻ ሲቀራቸው በናይጄሪያ በደርሶ መልስ ተሸንፈው ቀሩ፤ ሰውነትም በዚያው በ2006 ዓ.ም. ተሰናበቱ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የልማዱን ጉዳት በግልጽ ያሳያል። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለና የመንን ለእስያ ዋንጫ ያበቁት አብርሃም መብራቱ ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ተከታትለው ተሾሙ። አምስት ሹመት በአራት ዓመት ገደማ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሹመት የየራሱን ተስፋ ይዞ የመጣ ሲሆን፣ ቀዳሚው የጀመረው ሥራ ፍሬው ሳይታይ ሌላ ይተካዋል። ይህ በጥንቱ ቤተ መንግሥት ሹም ሽር ይባል ከነበረው አሠራር ጋር ይቀራረባል፤ ግብሩ ሳይቀየር ገዥው በተቀየረ ቁጥር አገሬው የተሻለ ዘመን ይመጣል ብሎ ይጠብቅ ነበር። ደጋፊውን ግን ሞኝ ማለት አይገባም። የታዳጊ ሥልጠናውን፣ የሜዳውን ሣርና የፌዴሬሽኑን በጀት ሊቀይር የማይችል ሰው በዓይኑ ሊያየው የሚችለው ለውጥ የአሠልጣኝ መለወጥ ብቻ ነው። ተስፋው መሠረት ያለው መሆኑን የሚያስረዱ ማስረጃዎችም አሉ፦ ኢትዮጵያ ቡና በ2003 ዓ.ም. በውበቱ አባተ መሪነት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ለክለቡ የመጀመሪያው ነበር፤ ጅማ አባ ጅፋርም በ2010 ዓ.ም. ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት በገብረመድህን ኃይሌ ሻምፒዮን ሆኗል። በማግሥቱ ዓመት ገብረመድህን ሌላውን ክለብ፣ መቐለ 70 እንደርታን፣ ሻምፒዮን ሲያደርጉ ጅማ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሊጉ ወርዷል።

ደሴና ኮምቦልቻ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላቸው ቦታ የተመልካችና የተጫዋች አቅራቢ ቦታ ነው። ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባለው ከፍተኛ ሊግ ለዓመታት ሲጫወቱ፣ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወልድያ ግን በ2009 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመርቆላት በዋናው ሊግ ተሳትፋለች። የደሴ ወጣት የሳምንቱን ትልቅ ስሜት የሚያገኘው በአብዛኛው በዲኤስቲቪ ቤት ነው። በበሩ ላይ የጨዋታው ሰዓት በማርከር ተጽፎ ይለጠፋል፤ የመግቢያው ብር በር ላይ ይሰበሰባል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ሲሞሉ የዘገየው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ የቅዳሜው የእንግሊዝ ጨዋታም እንደ ወቅቱ በ11 ወይም በ12 ሰዓት ይጀመራል። አርሴን ቬንገር በ2010 ዓ.ም. ከ22 ዓመት በኋላ አርሰናልን ሲለቁ፣ ሚኬል አርቴታ በ2012 ዓ.ም. ሲመጣ፣ ማንቸስተር ዩናይትድም ከአሌክስ ፈርጉሰን ወዲህ አሠልጣኝ በለዋወጠ ቁጥር በእነዚህ ቤቶች የሚነሳው ክርክር ስለ ዋልያዎቹ ከሚነሳው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ተስፋው ወደ ለንደንና ወደ ማንቸስተር ሲሄድ ለሆጤ ሜዳ የሚተርፈው ትንሽ መሆኑ ሊያሳስብ ይገባል።

የዚህ ተስፋ ጥንካሬ በከባዱ ዓመት በ2014 ዓ.ም. ተፈትኗል። ሁለቱ ከተሞች ከጥቅምት ማብቂያ ገደማ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ተይዘው ቆዩ፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ተዘረፉ፣ ወደሙ። ከተሞቹ ነጻ ከወጡ አንድ ወር ጥቂት አልፎ፣ ጥር 1 ቀን፣ በውበቱ አባተ የሚመራው ብሔራዊ ቡድን በካሜሩን የአፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ተጫወተ። ቡድኑ አንድ አቻና ሁለት ሽንፈት ይዞ ቢመለስም፣ ቤቱን ገና በመጠገን ላይ ለነበረ ሕዝብ ዘጠና ደቂቃ ሌላ ነገር ማሰብ መቻሉ ራሱ ዋጋ ነበረው። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ጨዋታው የተካሄደው ግን በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር፤ ምክንያቱም የአህጉሩ ኮንፌዴሬሽን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም በአገር ውስጥ ስላልነበረ ነው። ካርቱም ላይ የተቆጠሩ ሦስት ግቦችን በአዲስ አበባ ድል ያጸደቀው ደጋፊ የግብፅን ሽንፈት የተመለከተው በቴሌቪዥን ብቻ ነው።

ስለዚህ የወሎ ደጋፊ የሚቀጥለውን ሹመት በተስፋ መቀበሉ ተገቢ ሆኖ፣ ከዚሁ ጋር ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፦ ለደሴ ከተማና ለወሎ ኮምቦልቻ የሚቀጠረው አሠልጣኝ ሥራውን ለማሳየት የሚበቃ ጊዜ ይሰጠው፤ የሆጤና የኮምቦልቻ ሜዳዎችም ለታዳጊዎች ሥልጠና ክፍት ይሁኑ።