ቁልፉ የኛ፣ ሣጥኑ የማን?

እኛ አገር ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ቁልፋችንን ይዘን ፖስታ ቤት ሄደን ከሣጥናችን እናወጣለን። ኢሜይልም እንዲሁ ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማታ የሚጠፋ ትንሽ ኮምፒውተር ደብዳቤ መቀበል ስለማይችል፣ ሲበራ የሚያድር የዩኒክስ ማሽን ፖስታ ቤት ሆነለት። በ1984 ጆይስ ሬይኖልድስ «ፖፕ» የተባለውን የማውጫ ደንብ ጻፈች፤ በ1988 ሦስተኛው ፖፕ ወጣ። ተከላው ቀላል ነበር፦ ፕሮግራሙን መጫን፣ ከዚያም በ110 ቁጥር በር ጥሪ ሲመጣ እንዲነሳ በአንድ መስመር ማዘዝ። ጣጣው የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠር መጓዙ ነበር።

ፖፕ ደብዳቤውን ለባለቤቱ አስረክቦ ሣጥኑን ባዶ ያደርግ ነበር። ማርክ ክሪስፒን በ1986 ስታንፎርድ የጀመረው «አይማፕ» ግን እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ያስነብባል። ምቾቱ አሸነፈን። ዛሬ ደብዳቤያችን በሰው ማሽን ላይ ያድራል። ቢያንስ ኮፒ እናስቀር።