የቶዮታ ራቭ4 የተለመዱ ብልሽቶችና የጥገና ወጪ

ቶዮታ ራቭ4 የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ ከ1994 ጀምሮ የሚያመርተው፣ ከመሬት ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና ነው። በኢትዮጵያ «ራቭ ፎር» በሚል ስም ይታወቃል። ይህ መጣጥፍ በዋናነት ሁለተኛውን (2000–2005) እና ሦስተኛውን (2005–2012) ትውልድ ይመለከታል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መኪናው በጥንካሬው ያገኘው ስም የሚገባው ነው። ሆኖም ተደጋግመው የሚታዩ ጥቂት ብልሽቶች አሉት፤ አብዛኞቹም በትንሽ ወጪ ሊቆሙ ሲችሉ በቸልታ ሲታለፉ ሞተሩን ወይም ካምቢዮውን የሚያበላሹ ናቸው።

የካምቢዮ መምታትና የሞተር ኮምፒውተር

በአሜሪካ ገበያ በተሸጡት የ2001–2003 ባለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሞዴሎች ላይ በጣም የታወቀው ችግር ማርሽ ሲቀየር መኪናው በኃይል መምታቱ ነው። ምልክቱ የካምቢዮ ቢመስልም መነሻው ብዙ ጊዜ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ካምቢዮውን የሚያዝዘው የኮምፒውተሩ ክፍል ሲበላሽ የዘይት ግፊቱ ይዛባል፤ በዚህ ሁኔታ ለወራት ከተነዳ ደግሞ የካምቢዮው የውስጥ ፍሪሲዮኖች ይቃጠላሉ። ቶዮታ በአሜሪካ የኮምፒውተሩን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል (ወደ 240,000 ኪሎ ሜትር) አራዝሞ ነበር።

የወጪው ልዩነት ሰፊ ነው። ኮምፒውተሩን በልዩ ባለሙያ ማሳደስ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሲፈጅ፣ ካምቢዮ መቀየር በሺዎች ይቆጠራል። ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ኮምፒውተሩ ሳይመረመር ካምቢዮው ብቻ ሲቀየር የሚደርሰው ነው፤ አዲሱም ካምቢዮ በዚያው የተዛባ ትእዛዝ ይበላሻል። ከፈረሰ መኪና የተወሰደ ያገለገለ ኮምፒውተር ርካሽ ቢሆንም የክፍል ቁጥሩ ካልተመሳሰለ ወይም የጸረ ስርቆት ቁልፉ ካልተዛመደ ሞተሩ ላይነሳ ይችላል። በዚያ ላይ የዚያው ዘመን ኮምፒውተር ያንኑ ድክመት ይዞ የመምጣት ዕድል አለው።

የቴስታታ ቡሎኖች

1ኤዜድ (2.0 ሊትር) እና 2ኤዜድ (2.4 ሊትር) የቤንዚን ሞተሮች ብሎካቸው ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ቀደም ባሉት ምርቶች ቴስታታውን ከብሎኩ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች የሚገቡበት ጥርስ በጊዜ ብዛት ይላላል፤ በተለይ ወደ ተሳፋሪው ክፍል በሚዞረው የሞተሩ ጎን ያሉት። ቴስታታው በጥቂቱ ሲነሳ ኩላንት በሞተሩ ጀርባ ይሰርጋል፤ ደርቆም ሮዝ ወይም ነጣ ያለ ቅርፊት ይተዋል። በኋላ በተመረቱት ብሎኮች የጥርሱ ርዝመት ተጨምሯል።

ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ ቡሎኑን መልሶ ማሰር አያዋጣም፤ የተበላው ጥርስ ዳግም አይይዝም። ትክክለኛው ጥገና ቴስታታውን አውርዶ ቀዳዳዎቹን ማስፋትና የብረት ጥርስ ማስገባት ነው። ለጥርሱ የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ ሲሆን ዋጋውን የሚያንረው የሥራው ሰዓት ነው፤ ቴስታታው ከተጣመመም የማስተካከያው ወጪ ይጨመራል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ይህን ችግር ያባብሰዋል። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ ይህም ሞተሩ በመደበኛነት ከሚሠራበት ሙቀት ብዙም አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊትና የኩላንቱ ውህድ ነው። ስለዚህ ክዳኑ የላላና ተራ ውሃ የተሞላ ራቭ4 በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ካለ አቻው ቀድሞ ይግላል። የክዳን ዋጋ ከቴስታታ ሥራ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ዘይት መብላት

በ2006–2008 ሞዴሎች ላይ ያለው 2ኤዜድ ሞተር ዘይት በማቃጠል ይታወቃል። በፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች በካርቦን ይደፈናሉ፤ ፋሻዎቹም ተጣብቀው ዘይት መጥረግ ያቆማሉ። ቶዮታ በአሜሪካ ለጥገና መነሻ ያደረገው መጠን በ1,200 ማይል፣ ማለትም በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ኳርት (0.95 ሊትር) ዘይት መጉደል ነው። በዚህ ፍጥነት በ10,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 5 ሊትር ይጠፋል፤ ሞተሩ የሚይዘው ግን 4.3 ሊትር ያህል ብቻ ነው። የዘይት ለውጥ ቀኑን ብቻ የሚጠብቅ ባለቤት ሞተሩን ሊያደርቀው ይችላል ማለት ነው። መድኃኒቱ የተሻሻሉ ፒስተኖችና ፋሻዎች መቀየር ነው፤ ለዚህም ሞተሩ መበተን አለበት። ጉድለቱ መጠነኛ ከሆነ በየሳምንቱ በሊቬሎው እያዩ መሙላት ለዓመታት ያስኬዳል፤ ብዙ ባለቤቶችም የሚመርጡት ይህንኑ ነው።

ሞተሮቹ የሚሠሩት በሰንሰለት ስለሆነ እንደ መጀመሪያው ትውልድ 3ኤስ ሞተር በየጊዜው የሚቀየር የታይሚንግ ቀበቶ የላቸውም። ለአውሮፓ የቀረበው 2.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር (2ኤዲ) ግን ጓርኒሲዮኑን በማቃጠል ስም ያወጣ ነው፤ የብሎኩ ፊት ስለሚበላ ጥገናው ውድ ነው።

መሪ፣ የእግር ክፍልና ባትሪ

በሦስተኛው ትውልድ መሪ ሲዞር የሚሰማው «ኳ» የሚል ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መሪውን ከማርሹ ጋር ከሚያገናኘው መካከለኛ ዘንግ ነው። ከኋላ እግር የሚመጣው ግን የበለጠ አሳሳቢ ነው። ቶዮታ በ2012 በአሜሪካ 760,000 ገደማ የ2006–2011 ራቭ4ዎችን ለጥገና ጠርቷል፤ ከጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ (አላይመንት) በኋላ የኋላ ክንዱ ዳዶ በደንብ ካልታሰረ ጥርሱ ዝጎ ክንዱ ሊለያይ ይችላል። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ይህ ጥገና ተደርጎለት እንደሆነ በሻሲ ቁጥሩ በነፃ ማረጋገጥ ይቻላል። በአራተኛው ትውልድ (2013–2018) ደግሞ በ2023 ወደ 1.85 ሚሊዮን መኪኖች የተጠሩት፣ ሲቀየር አነስ ያለ ባትሪ ከገባ በማሰሪያው ሊላላና አዎንታዊ ጫፉ ብረት ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ነው።

በአራት ጎማ የሚነዱት ሞዴሎች አራቱም ጎማዎች በመጠንም በማለቅ ደረጃም እንዲመሳሰሉ ይፈልጋሉ። ሁለት አዲስ ከሁለት ያለቀ ጋር መግጠም የኃይል ማስተላለፊያውን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል።

ወጪ በኢትዮጵያ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በመሆኑም በአገር ውስጥ ያሉት ራቭ4ዎች ረዘም ላለ ጊዜ እየተጠገኑ ይነዳሉ፤ የመለዋወጫ ፍላጎቱም አብሮ ይቆያል። የመለዋወጫው ዋጋ ከምንዛሪ ጋር የተያያዘ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። የእጅ ሥራ ዋጋ በአንጻሩ ከአሜሪካ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ እንደ ቴስታታ ጥርስ ያለ ሰዓት የሚፈጅ ጥገና በአዲስ አበባ በንጽጽር ይረክሳል፤ እንደ ኮምፒውተር ያለ ዋጋው በዕቃው የሆነ ጥገና ግን ይወደዳል። በሱማሌ ተራ የሚገኝ ያገለገለ ዕቃ ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። የሚገዛው ሙሉ ሞተር ከሆነ ግን፣ ያው 2ኤዜድ ስለሚሆን፣ ከመገጠሙ በፊት የቴስታታው ቡሎኖች በትክክለኛው ጉልበት መያዛቸውን ማስፈተሽ የተለመደ ጥንቃቄ ነው።