ሲኒና ገል

አሶሳ ውስጥ ቡና ሲቀርብ ሁለት ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ይታያል። ጀበናው ከአገር አፈር በሴት እጅ ተበጅቶ በእሳት የጠቆረ ነው፤ ሲኒው ግን ነጭ፣ ለስላሳና ከፋብሪካ የወጣ ነው። የሲኒው ስም ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጓሜውም «ቻይናዊ» ማለት ነው። ከበርታ ቋንቋ ጋር ዐረብኛም በሚሰማበት በዚህ አገር የስሙ ምሥጢር ለብዙ አድማጭ ስውር አይደለም። በገበያ የሚሸጠውም ሲኒ ዛሬ በብዛት ከዚያው ከቻይና የሚመጣ ስለ ሆነ ስሙ ሐሰት ሆኖ አልቀረም።

ስሙን ለዓለም ያተረፈው ነጩ ሸክላ የተወለደው በሰሜን ቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ575 በአንያንግ የተቀበረው የፋን ጹይ መቃብር በ1971 ሲከፈት ነጭ ልባስ ያላቸው ዕቃዎች ተገኝተውበታል፤ ከጥንታውያኑ ናሙናዎች መካከልም ይቈጠራሉ። ብዙ ሰው እንደሚገምተው ንጣቱ የልባሱ አይደለም። ልባሱ እንደ መስተዋት ብርሃን አሳላፊ ሲሆን ነጩ አፈሩ ራሱ ነው፤ ይኸውም የብረት ዝቃጭ እጅግ ያነሰበት፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ሸክላ ነው። በዘጠነኛው መቶ ዓመት የባስራ ሸክላ ሠሪዎች ይህን ዕቃ አይተው ሊመስሉት ቢፈልጉ እንዲህ ያለ አፈር አልነበራቸውም። ስለዚህም ቢጫማውን ሸክላቸውን ቆርቆሮ በተቀላቀለበት ነጭ ልባስ ሸፈኑት። ቻይናዊው አፈሩን ሲያሳይ ባስራዊው አፈሩን ደበቀ ማለት ነው።

በስምንተኛው መቶ ዓመት ስለ ሻይ የጻፈው ሉ ዩ የሺንግን ነጭ ጽዋ ከበረዶና ከብር ጋር ቢያነጻጽረውም፣ በነጩ ውስጥ ሻዩ ቀይ መስሎ ይታያል ብሎ አረንጓዴውን የዩዌን ጽዋ አስበልጧል። ቡና ጠጪ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ፍርዱ በተገለበጠ ነበር።

እነዚህን ጥንታውያን ዕቃዎች መሰብሰብ በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። በሄናን ምድር የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ በሉዎያንግ ዙሪያ የነበሩ መቃብሮች ተቈፈሩ፤ የተገኘውም ዕቃ በነጋዴ እጅ ወደ ቤይጂንግ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተጋዘ። ጽዋው ደኅና ደረሰ፤ የወጣበት ቦታ ግን በመንገድ ጠፋ። ሰር ፐርሲቫል ዴቪድ ያከማቸው ወደ 1,700 የሚጠጋ ዕቃ ከ2009 ጀምሮ በብሪቲሽ ሙዚየም ለሕዝብ የሚታይ ድንቅ ስብስብ ነው። ሆኖም የዲንግ ነጭ ሸክላ የት እንደ ተተኰሰ ያስረዳው በመደርደሪያ ላይ ያለው ሙሉ ዕቃ ሳይሆን፣ ጃፓናዊው ኮያማ ፉጂዮ በ1941 በኩያንግ አውራጃ ያገኘው የገል ክምር ነው። የሺንግም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ ስሙ በመጽሐፍ ሲነበብ የኖረው እቶን የታወቀው በ1980 በሊንቼንግ፣ በ1984 ደግሞ በኔይቺዩ የተሰበረና የተበላሸ ሸክላ በየቦታው ሲገኝ ነው። ሰብሳቢ የናቀው ስብርባሪ ለታሪክ ከሙሉው ጽዋ ይልቅ ተናገረ።

በአገራችንም የሆነው ይኸው ነው። በድሬዳዋና በሐረር መካከል በምትገኘው ሐርላ ከ2015 ጀምሮ በቲሞቲ ኢንሶል መሪነት በተደረገው ቍፋሮ ከየመንና ከሌላም አገር ከመጣው ዕቃ ጋር የቻይና ሸክላ ስብርባሪ ተገኝቷል። ገሉን በገበያ ማንም አይገዛውም። ነገር ግን ከየትኛው የአፈር ንብርብር፣ ከየትኛው ቤት እንደ ወጣ ስለ ተመዘገበ፣ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ነጋዴ በመካከለኛው ዘመን ከህንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር እንዴት እንደ ተሳሰረ ያስረዳል።

የቤንሻንጉል በር ግን ወደ ባሕር ሳይሆን ወደ ዐባይ ሸለቆ የተከፈተ ነበር። የመሐመድ ዓሊ ልጅ እስማኤል ፓሻ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ በ1822 ፋዞግሊ ከደረሰ በኋላ የሱዳን ነጋዴ ወደዚህ ምድር መመላለሱን አበዛ። በ1881 የመጣው ሆላንዳዊው ተጓዥ ሁዋን ማሪያ ሹቨር በጕዞው የሰበሰባቸው ዕቃዎች በላይደን ሙዚየም ገብተዋል። የአሶሳ ልጅ የአያቶቹን መገልገያ ለማየት ሆላንድ መሄድ ይኖርበታል ማለት ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ከ120 ዓመት በኋላ የመጡት የስፔን ተመራማሪዎች ሥራቸው ሌላ ነበር። ቪክቶር ፈርናንዴዝና ባልደረቦቹ በአሶሳ አካባቢ የሚገኙትን የካባንና የቤል ቁርቁሙን የዋሻ መጠለያዎች ቈፍረው ውጤቱን በ2007 አሳተሙ። አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል ደግሞ በሕይወት ያሉትን ሕዝቦች ዕቃ ከነባለቤቶቹ፣ ከነቤቱና ከነአገልግሎቱ አጠና። በዚህ ዓይነት ጥናት የማሽላ ጠላ የሚጠመቅበት ጋን ማን እንደ ሠራው፣ በየትኛው ጓዳ እንደ ቆመ፣ ሲሰበርም የት እንደ ተጣለ ከዕቃው እኩል ይመዘገባል። በበርታም ሆነ በጉሙዝ ዘንድ ሸክላ የሴቶች ሙያ ስለ ሆነ፣ በጽሑፍ ስማቸው ያልተነሣ እናቶች ታሪክ የተቀመጠው በዚሁ ገል ላይ ነው።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። ፕላስቲክ ጀሪካንና የብረት ድስት እንስራንና የሸክላ ድስትን ከጓዳ እያስወጡ ነው። በጉባ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃ ይዞ፣ በጳጕሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አገር ብርሃን ያገኘበት ይህ ሐይቅ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ በሥሩም የዐባይ ዳር መንደሮች፣ የእህል ማስቀመጫ ጎተራ የቆመባቸው ግቢዎችና በየግቢው ጥግ የተጣለው ገል ቀርተዋል። ወደ አዲስ መንደር የሄደች ሸክላ ሠሪ አፈሩን ከሌላ ጕድጓድ ትቈፍራለች፤ እጇ የለመደውን ቅርጽ ብታወጣም የጋኑ ገላ የቀድሞው አይሆንም። የፊተኛውን አፈር ከየትኛው ወንዝ ዳር ትቀዳ እንደ ነበር የምታውቀው እርሷ ናት፤ ዛሬ ብትጠየቅ ትናገራለች።