አሮጌ መኪና እንዴት የባንክ ደብተር ሆነ?

ጣና ዳር ያደገ ሰው የደንገል ታንኳን ዕድሜ ያውቃል። አዲስ ሲሆን ቀላል ነው፤ ውሎ ሲያድር ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ በመጨረሻም ይጣላል። ያረጀ ታንኳ ከአዲሱ እኩል ያወጣል ብሎ የሚከራከር የለም። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ግን ይህ ሕግ መኪና ላይ አይሠራም። ከሃያ ዓመት በፊት የተመረተ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ገዝቶ አምስት ዓመት የነዳ ሰው ከገዛበት በላይ ሲሸጠው ማንም አይገረምም። ደላላው «መኪና አይወርድም» ይላል፤ ገዢውም ያምነዋል። እስካሁን ደላላው አልዋሸም። ጥያቄው ለምን እውነት ሆነለት፣ እስከ መቼስ እውነት ሆኖ ይቆያል የሚለው ነው።

ሌላው ዓለም ላይ የአሮጌ መኪናን ዋጋ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የአዲሱ መኪና ብድር ነው። በጎርጎሮሳውያኑ 2001 ከመስከረሙ የኒውዮርክ ጥቃት በኋላ የአሜሪካ ገበያ ሲቀዘቅዝ ጀነራል ሞተርስ አዲስ መኪና ያለ ወለድ በረጅም ጊዜ ክፍያ መሸጥ ጀመረ። ፎርድና ክራይስለርም ተከተሉት። አዲሱ መኪና በብዛት ተሸጠ፤ በዚያው ሰሞን ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገዢ የሚያወዳድረው ጠቅላላ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን በየወሩ ከኪሱ የሚወጣውን ጭምር ነው። የአዲሱ ወርሃዊ ክፍያ ከአሮጌው ጋር ከተቀራረበ አሮጌውን የሚፈልገው ይቀንሳል። ተቃራኒውም በ2021 ታይቷል። በቺፕ እጥረት አዲስ መኪና ሲጠፋ አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ መኪና ዋጋ በሰኔ ወር ከዓመት በፊት ከነበረው በ45 በመቶ ጨምሮ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ አሮጌውን የሚጎትት የአዲስ መኪና ብድር ለረጅም ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሕግ ስለጠፋ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ከፍሎ እስኪጨርስ ድረስ ሻጩ ባለቤትነቱን ይዞ የሚቆይበትን የሽያጭ ውል ያውቀዋል። የጠፋው ገንዘቡ ነው። በደርግ ዘመን የግል መኪና ማስገባት ብርቅ ሆኖ ቆየ፤ ያለው ቮልስና ላዳ እየተጠገነ ዘለቀ። ከ1983 በኋላ በሩ ሲከፈት በብዛት የገባው ሌላ አገር የተነዳ መኪና ነበር። እሱም የሚሸጠው በጥሬ ገንዘብ ነው።

ባንኮቹ በበኩላቸው የሚያበድሩት ለሌላ ነበር። ከ2003 ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን ለብሔራዊ ባንክ ቦንድ መግዣ እንዲያውሉ ይገደዱ ነበር፤ ግዴታው የተነሣው በ2012 ነው። ብድር ሲጠብ ቅድሚያ የሚያገኘው ነጋዴው እንጂ ቤተሰቡን ትምህርት ቤት የሚያደርስ መምህር አይደለም። ባሕር ዳር ላይ በ1989 ፈቃድ ያገኘውና ኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የቆመው በአነስተኛ ብድር ነው እንጂ በመኪና ብድር አልነበረም። ስለዚህ የመኪና ፋይናንስ ሥራውን የሠራው እቁብ ነው። እቁብ ደግሞ ወለድ ባይኖረውም ሒሳቡ የሚደርሰው አሮጌ መኪና ላይ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዜሮ ዜሮ መኪና የሚገዛበት ገንዘብ አይሞላለትም።

ቅድሚያ ከፍሎ አዲስ መኪና የመጠበቅ ሙከራም ነበር። ሞጆ ላይ መኪና ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር ከሞዴሎቹ አንዱን «አባይ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ኩባንያው በ2005 ሲከስር ገንዘባቸውን ቀድመው የከፈሉ ደንበኞች መኪናቸውን ሳያገኙ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ብሂል ለመኪና ገዢ ምክር ሆነ፦ የምታየውን፣ ሊብሬው በእጅህ የሚገባውን ግዛ።

ከዚያ መንግሥት በተደጋጋሚ ያልጠበቀውን ውለታ ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች ዋለ። በየካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ሞተራቸው ጉልበትና እንደ ዕድሜያቸው እየከበደ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር፤ ውጤቱ ግን ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ተተኪ እንዲያጣ አደረገ። በጥቅምት 2015 የውጭ ምንዛሪ ከተከለከለባቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል የግል መኪና ነበረበት። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገደበ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል አይገባም አለ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ተሻገረ።

እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና ማጓጓዣነቱ ሁለተኛ ሆነ። ብር ዋጋው ሲወርድ የማይወርድ ቁጠባ፣ የቸገረ ዕለት የሚሸጥ ንብረት፣ ለብድር የሚያዝ ዋስትና ሆነ። ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዋጋ ንረት ሲበላ፣ ቪትዝ የገዛ ሰው ተረፈ። ደላላው እውነቱን የተናገረው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ እውነት መሸርሸር የጀመረው በኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ2014 መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ ሲሆን ተበታትኖ ለሚገባ ተነሣ። በዚህም የተነሣ አዲስ መኪና ዋጋው ወደ አሮጌው ተጠጋ። ቤንዚን በበኩሉ በ2014 ከ50 ብር በታች የነበረው በ2017 ከ100 ብር በላይ ገባ። አሁን ደግሞ ባንኮችና አስመጪዎች የኤሌክትሪክ መኪናን በረጅም ጊዜ ክፍያ ማቅረብ ጀምረዋል። አሜሪካኖቹ በ2001 ያዩት ነገር እዚህ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንይ። አንድ አሮጌ ቪትዝ 2 ሚሊዮን ብር ይጠየቅበታል፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ 3 ሚሊዮን ነው እንበል። ባንክ 1 ሚሊዮን ቅድሚያ ተቀብሎ ቀሪውን 2 ሚሊዮን በ18 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢያበድር ወርሃዊ ክፍያው ወደ 51 ሺህ ብር ይሆናል። ይህን መክፈል የሚችል ደመወዝተኛ ባሕር ዳር ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። ዋናው ነገር ግን እሱ ጋ ነው። ብድሩን የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ እነዚያ ጥቂቶች ግን ትናንት አሮጌውን በ2 ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብ ይገዙ የነበሩት ራሳቸው ናቸው። እነሱ ከገበያው ሲወጡ ሻጩ የሚጠብቀው አነስተኛ ገንዘብ ያለውን ገዢ ይሆናል፤ ዋጋውም ወደዚያ ሰው ኪስ ይወርዳል። ብድር ያልወሰደው፣ ባንክ ያልረገጠው ሰው በሌላ ሰው ብድር ቁጠባው ይቀንሳል።

ኪሳራው ግን ሁሉም ቦታ እኩል አይደርስም። አዲስ አበባ ላይ የኃይል መሙያ ጣቢያም ጋራዥም እየበዛ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ግን ወደ 560 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ ከባሕር ዳር በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር ለመግባት ሌላ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ በልበ ሙሉነት መሠረተ ልማት የሚዘረጋ ባለሀብት አሳጥቷል። የጣናን ዳር ይዞ የሚሠራ ሰው ነዳጅ መኪናውን ቶሎ አይተውም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ባለቤት ለመገላገል የሚፈልገው ቪትዝና ኮሮላ ዋጋው ገና ወዳልወረደበት ወደ ክልል ከተሞች መውረዱ አይቀርም። ባሕር ዳር ያለው ገዢ፣ የእቁቡን ገንዘብ ይዞ፣ «መኪና አይወርድም» የሚለውን የትናንት እውነት አምኖ፣ ሌላው የሸሸውን ዋጋ ይሸከማል።

አዲሱንም ቢሆን ማመን ብቻውን አይበቃም። በ2023 መጀመሪያ ቴስላ የአዳዲስ መኪኖቹን ዋጋ እስከ 20 በመቶ ሲቀንስ ያገለገሉ ቴስላዎች ዋጋም አብሮ ወርዷል። እዚህም ቀረጡ ወይም ምንዛሪው ከተለወጠ፣ ዛሬ በአምስት ዓመት ብድር የተገዛ መኪና ዕዳው ሳያልቅ ዋጋው ከዕዳው በታች ሊወርድ ይችላል።

ይህ ማለት ብድሩ ይቅር ማለት አይደለም። መኪና እንደ ታንኳው አርጅቶ የሚረክስበት አገር ጤነኛ አገር ነው፤ ሰው መኪና የሚገዛው ለመንዳት ይሆናል፣ ቁጠባውም ሌላ ቦታ ያድራል። ጥፋቱ ያለው ሽግግሩን ዝም ብሎ ማሳለፍ ላይ ነው። በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ መኪናን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት አስይዞ መበደርን አስፍቶታል። መኪናውን አስይዞ ሱቅ የከፈተ ሰው የዋስትናው ዋጋ ሲወርድ ባንኩ ምን እንደሚያደርግ ዛሬውኑ ሊነገረው ይገባል። ለዜሮ ዜሮ መኪና ብቻ የሚከፈት ብድር ለአሮጌ መኪና ገዢም በተመጣጣኝ መጠን ካልተከፈተ፣ ያለው የበለጠ ያገኛል፣ የሌለው ደግሞ ያለችውን ያጣል። የኃይል መሙያውም ከአዲስ አበባ ወጥቶ ጎጃምንና ጎንደርን እስኪያያይዝ ድረስ «ነዳጅ መኪና ጊዜው አልፏል» የሚለው ዜና ጣና ዳር ላለ ሰው ግማሽ ዜና ነው።

ለገዢ የቀረው ምክር አጭር ነው። መኪና የሚያስፈልገው ሰው ዛሬም ይግዛ፣ ሊነዳው ግን። ልጁን ሊያስተምርበት፣ ቤት ሊሠራበት ያጠራቀመውን ገንዘብ አሮጌ መኪና ላይ ለማሳደር የሚያስብ ግን አንድ ነገር ያስታውስ፦ የቪትዙን ዋጋ ከፍ አድርገው የያዙት ታክስ፣ የምንዛሪ እጥረትና የብድር መጥፋት ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሲላላ እንኳ መኪና ይወርዳል።