አባባ ተስፋዬ የባሌ ሰው መሆናቸውን ማን ነገራችሁ?

ነገሩ የተጀመረው ጎባ ውስጥ፣ አንድ ሻይ ቤት ነው። ክረምት ነበር። ጉሙ ከሰነቴ ወርዶ አስፋልቱን ስለዋጠው ከሮቤ ያመጣን ሚኒባስ በጠራራ ቀን መብራት አብርቶ ነበር የሚጓዘው። አምስት ሆነን ተቀምጠናል። ሻዩ እስኪመጣ አንዷ ጓደኛችን አንድ ጥያቄ ጣለች፦ «ከቴሌቪዥን ሰው ሁሉ አንድ ብቻ አስታውሱ ብትባሉ ማንን ትጠራላችሁ?»

ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር። አንዱ «አስናቀ!» አለ። የ«ሰው ለሰው»ን አስናቀ ማለቱ ነው፤ አበበ ባልቻ የተጫወተውን ያንን አንደበተ ለስላሳ ልበ ጨካኝ ሀብታም። ሌላው «የቤቶቹ አዝመራው ይበልጣል» ብሎ ለጥላሁን ጉግሳ ጥብቅና ቆመ። ሦስተኛዋ (ስሟን አንጠራም፣ ታፍራለች) የቃና ቴሌቪዥኑን ቱርካዊ ኩዚን ጠርታ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ክርክሩ ጦፎ ሳለ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ መምህር ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፦

«እናንተ ልጆች፣ አባባ ተስፋዬን የት ጣላችኋቸው?» አሉን። ቀጠሉና «ደግሞ እኮ የባሌ ሰው ናቸው» አሉ።

ዝም አልን። እውነቱን እንናገር ካላችሁ አናውቅም ነበር። አራታችን ሮቤ፣ አንዷ ጎባ ተወልደን ያደግን፣ ጋዜጠኝነት የተማርንም ያለንበት ሰዎች ነን። የዋቆ ጉቱን ታሪክ እናውቃለን፤ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ከፍታ እንዳለው እንግዳ በመጣ ቁጥር እንናገራለን፤ የቀይ ቀበሮውንማ ተዉት። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታሪክ ከማንም በላይ የታወቀው ፊት ከዚሁ ከባሌ ምድር እንደወጣ ግን አንድም መምህር በክፍል ውስጥ ነግሮን አያውቅም። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ያ ዕፍረት ነው።

የ42 ዓመቱ ሽማግሌ

ተስፋዬ ሣህሉ በሰኔ ወር 1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ከዱ በሚባል ቦታ ተወለዱ። ወደ አዲስ አበባ ሄደው የመድረክ ሰው ሆኑ። በዚያን ዘመን ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ተስፋዬ ናቸው። ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው ተመልካቹን ሴት ነኝ ብለው ያሳመኑ ተዋናይ ነበሩ። ኮሪያ የዘመቱትን የኢትዮጵያ ወታደሮች ለማዝናናትም ባሕር ተሻግረው ሄደዋል።

በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር የልጆች ፕሮግራም ይዘው ብቅ አሉ። እንግዲህ ስሌት እንሥራ። ከ1915 እስከ 1957 ስንት ነው? 42 ዓመት። «አባባ» ተብለው የልጆች አያት ሆነው ሲቀመጡ ዕድሜያቸው ገና 42 ዓመት ገደማ ነበር! በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ዛሬ ሮቤ ከተማ ውስጥ «አባባ» ብትሉት ይቀየማችኋል። ፕሮግራሙንም ለ42 ዓመታት መሩት። ዕድሜያቸው ቀስ እያለ ደረሰና ከገጸ ባሕርዩ ጋር ተገናኘ፤ መጀመሪያ የተጫወቱትን ሽማግሌ በመጨረሻ ሆኑት።

«እሳቸው እውነተኛ ሰው እንጂ ገጸ ባሕርይ አይደሉም» የምትሉን እንዳላችሁ እናውቃለን። ለዚህ ነው ስሌቱን የሠራነው። ተስፋዬ ሣህሉ ተዋናይ ነበሩ፤ «አባባ ተስፋዬ» ደግሞ የተዋናዩ ትልቁ ሚና። መድረኩ ሴት ሲያጣ ሴት ሆኑለት። አዲሱ የመስታወት ሣጥን አያት ሲያጣ አያት ሆኑለት። የጎደለውን ቦታ አይቶ መሙላት የሚችል ተዋናይ ደግሞ በየጊዜው አይወለድም።

ያኔ ባሌ ምን ላይ ነበረች?

ታሪክ ስንጽፍ ደስ የሚለውን ብቻ መርጠን አንጽፍም። አባባ ተስፋዬ አዲስ አበባ ውስጥ ለልጆች ተረት መንገር ሲጀምሩ የተወለዱባት ባሌ በጦርነት ላይ ነበረች። በመሬት ቅየሳ፣ በግብርና በአስተዳደር በደል የተማረረው የባሌ ገበሬ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. መሣሪያ አንሥቶ ተዋግቷል። ዋቆ ጉቱ እጃቸውን የሰጡት በ1962 ነው። ቴሌቪዥን ያኔ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ፣ ያውም መግዣ ያለው ሰው ዕቃ ነበር። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» የሚለው የታወቀው ሰላምታቸው በዚያን ጊዜ ሰነቴን ተሻግሮ ለባሌ ልጅ አልደረሰም።

የደረሰው ዘግይቶ ነው። እናቶቻችን የሚያስታውሱት የደርግን ዘመን ነው፦ አዳራሽ ውስጥ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ በሣጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ሲሚንቶ ላይ የተደረደረ ልጅ። አገሪቱ የቀለም ሥርጭት የጀመረችው በ1977 ዓ.ም. ቢሆንም እነሱ ለዓመታት በጥቁርና ነጭ ነው ያዩት። የአንዳችን እናት እንዳወሩልን አባባ ተስፋዬ ብቅ ሲሉ አዳራሹ ውስጥ ያለው ልጅ በአንድ ድምፅ ሰላምታውን ይመልስ ነበር። «የማይሰሙን አይመስለንም ነበር» አሉን፤ «አንዴ እንዲያውም ታናሽ ወንድሜ ስላጠፋው ጥፋት ለአባባ እንዳልነግርብህ ብዬ አስፈራርቼዋለሁ።»

እዚች ላይ ቆም እንበል፤ የጥያቄያችን መልስ ያለው እዚህ ነው።

ለምን አይረሱም?

እ.ኤ.አ. በ1956 ዶናልድ ሆርተን እና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ሐሳባቸው በአጭሩ ይኼ ነው፦ የቴሌቪዥን ሰው ካሜራውን እያየ እንደ ጓደኛ ሲያናግረን፣ ደጋግሞም በሰዓቱ ሲመጣ፣ የማያውቀንን ሰው እንደምናውቀው ይሰማናል። ዝምድናው ባንድ ወገን ብቻ ቢሆንም ስሜቱ የእውነት ነው። አሜሪካኖቹ ለዚህ ከ1968 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ልጆችን በእርጋታ ሲያናግር የኖረው ፍሬድ ሮጀርስ አላቸው። እኛ ደግሞ የራሳችን ነበሩን።

ግን የአባባ ተስፋዬ ነገር በዚህ ብቻ አያልቅም። እኛ ሦስት ምክንያት እንጨምራለን።

አንደኛ፣ ለረጅም ዘመን ጣቢያው አንድ ብቻ ነበር። የሚኒስትሩም የገበሬውም ልጅ የሚያየው ያንኑ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ያመጡት ነገር ባዕድ አልነበረም። ተረት ነው። ባሌ ደጋ ላይ ማታ ማታ የገብስ ቆሎ እየተቆረጠመ፣ እሳት ዙሪያ ኦዱ ዱሪ ሲሰማ ያደገ ልጅ ጅብና ጦጣን አዲስ ከሣጥኑ አልተዋወቃቸውም። አያቱ የሚያወሩለትን ሌላ አያት በሌላ ቋንቋ ሲያወራ ሰማ። ሦስተኛ፣ ልጅን አላሳነሱትም። «አበባ» ብለው ጠርተው «ፍሬ» ትሆናለህ አሉት። በየቤቱ «ዝም በል፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ» እየተባለ ለሚያድግ ልጅ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

እኛስ?

እኛ በተወለድንበት ጊዜ ምክንያት አባባ ተስፋዬን በቅጡ አልደረስንባቸውም። ፕሮግራሙ በእሳቸው መመራቱን ሲያቆም ከመካከላችን ትልቋ ገና ፊደል አልቆጠረችም። የእኛ ልጅነት የ«ገመና» እና የ«ሰው ለሰው» ልጅነት ነው። ሮቤ ላይ «ሰው ለሰው» ሊጀምር ሲል ያለውን ግርግር ያየ ያውቀዋል። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴና ያዞራል፤ ሌላው ከታች «ጠራ! አይ ጠፋ! መልስ፣ መልስ!» ይላል። ልክ ሲጀምር መብራት ይሄዳል። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ ጄነሬተር ወዳለው ሻይ ቤት ይሮጣል። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት አዴ አማርኛው ብዙም አይገባቸውም ነበር፤ አስናቀ በወጣ ቁጥር ግን ነጠላቸውን እያጣፉ ይረግሙታል። ቋንቋውን ሳይሰሙ ሰውየውን ሰምተውታል!

አስናቀም የማይረሳው በዚሁ ነው። ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ክፉ ሰው በድራማ ሞልቷል። አስናቀ የምናውቀው ክፉ ነው። ፈገግ እያለ፣ ድምፁን ሳያነሣ ሰውን የሚያጠፋ። አዝመራውን የወደድነውም የአባቶቻችንን ግትርነትና ቁጠባ ይዞ ስለመጣ ነው። ቃና በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ሲጀምር የአገራችን የጥበብ ሰዎች ሥጋታቸውን በአደባባይ ተናግረው ነበር፤ እኛ ግን (አንዋሽም) ዲሽ ያለው ቤት እየፈለግን ሄደናል። የሚገርመው፣ ከዚያ ሁሉ ቱርካዊ ዛሬ ፊቱን የምናስታውሰው አንዱን ወይ ሁለቱን ነው። በጆሯችን የቀረው የተረጎሙት ኢትዮጵያውያን ድምፅ ነው።

የኛ ናቸው ወይስ አይደሉም?

ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ። መምህሩ «የባሌ ሰው ናቸው» ሲሉ ሁላችንም እኩል አልተደሰትንም። አንዱ ጓደኛችን «እኔ ቤቴ የማወራው አፋን ኦሮሞ ነው። ፕሮግራሙ አማርኛ ነበር። እናቴ በልጅነቷ በዚያ ሣጥን ውስጥ የራሷን ቋንቋ የሚያወራ አባባ አላገኘችም። ምኑን ነው የኛ የምትሉት?» አለ። ጥያቄው እውነት አለው፤ በሻይ የሚዋጥ አይደለም። ዛሬ ልጆች በአፋን ኦሮሞ የሚያዩአቸው ጣቢያዎች አሉ፤ ለእናቱ ትውልድ ግን አልነበሩም።

መምህሩ ግን ቆጣ ሳይሉ መለሱ፦ «ልክ ነህ ልጄ። እኔም አማርኛ የለመድኩት እየተሳቀብኝ ነው። እሳቸው ግን አልሳቁብኝም። ስሰባብር የማይስቅብኝ የአማርኛ አስተማሪ ያገኘሁት ሣጥኑ ውስጥ ነው።»

ጓደኛችን ዝም አለ። አልተሸነፈም፣ እኛም አላሸነፍንም። ሁለቱም እውነት ነው፤ ያጣነውም፣ ያገኘነውም። አንዱን ለማቆም ሌላውን መጣል የለብንም ብለን እናምናለን። አንድ ሰው የተወለደበት ቦታ ሁሉን ነገር ስለሰጠው ብቻ አይደለም የዚያ ቦታ ልጅ የሚሆነው።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ የየልጅነቱን ሲያለቅስ እኛ ተማሪዎች ነበርንና ዜናውን ሰምተን አለፍነው። «የአዲስ አበባ ሰዎች አያት» መስለውን ነበር።

የቴሌቪዥን ነገር ቶሎ ይጠፋል። ትልቁ ቢቢሲ እንኳ ካሴት ለመቆጠብ ሲል የራሱን «ዶክተር ሁ» ብዙ ክፍሎች አጥፍቶ ኋላ ከየዓለሙ ሲለምን ኖሯል። ለቀረጻ ያልተሳሳ ዘመን ውስጥ የነበረን ነገር የሚያቆየው የተመልካቹ ማስታወሻ ነው። የእኛ እናቶች፣ ያ አዳራሽ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው ሰላምታ የመለሱት፣ እነሱ ናቸው ካሴቱ። እነሱም እያረጁ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ዛሬ ማታ እናታችሁን ወይም አጎታችሁን ጠይቁ፦ ቴሌቪዥን መጀመሪያ ያያችሁት የት ነው? ማን ቤት? ማን ነበር ሣጥኑ ውስጥ? ያሏችሁን በፈለጋችሁት ቋንቋ ጻፉት። እኛ ጀምረናል፤ የጓደኛችን እናት ያንን ታናሽ ወንድማቸውን በአባባ ስም ያስፈራሩበትን ጥፋትም በመጨረሻ ነግረውናል። የጎረቤት ገብስ ውስጥ ከብት መልቀቅ ነበር።

ወንድምየው ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። ስንጠይቃቸው ግን ሳቅ ብለው «ለአባባ ነገረችብኝ እንዴ?» አሉን።

ቸር እንሰንብት!