ከመቀሌ ዙፋን እስከ ቱሪን የሥዕል ቤት

በመቀሌ ከተማ የቆመውን የዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ቤተ መንግሥት የጎበኘ ሰው በመጀመሪያ የሚያደንቀው የድንጋዩን ጥርበት፣ ቀጥሎም ከእንጨት ተቀርጾ የተሠራውን ዙፋን ነው። በ1870ዎቹ ዓ.ም. ይህን ሥራ የመራው ጃኮሞ ናሬቲ የሚባል ኢጣሊያዊ አናጢ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የባሕር ማዶውን ጥበብ በቤታቸው አኖሩት፤ ሕንጻውም ከዕድሜያቸው አልፎ ቆመ። በአጠገቡ ግን ጥበቡን ለአገሬው ልጅ የሚያወርስ ትምህርት ቤት አልቆመም።

ዐፄ ዮሐንስ ገና በሕይወት ሳሉ፣ በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ላይ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሌላ መንገድ ሞከሩ፤ ይኸውም የአገር ልጅ ወደ ባለሙያዎቹ አገር መላክ ነው። የዘጌው ተወላጅ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ወደ ኢጣሊያ ተሻግሮ በቱሪን ከተማ በአልበርቲና አካዳሚ ሥዕል ተማረ።

የወጣቱን ምኞት መገመት አያዳግተንም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቁ ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ ፊት ለፊት፣ ክፉው ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን ይሣላል። የአውሮፓ አካዳሚ ግን ሰውን እንደ ተፈጥሮው፣ ከነጥላውና ከነርቀቱ መጠን መሣልን ያስተምር ነበር። ይህን የተማረ ልጅ ለአገሩ አዲስ ዓይን ይዞ እንደሚመለስ ቢያምን ምን ያስደንቃል?

ሲመለስ ሥራ አላጣም፤ በእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሣለ። ያጣው የተማረውን የሚያስተምርበት ቤት ነው። ጥቂት ቆይቶ ለትምህርት ከተላኩ ወጣቶች ጋር ወደ ስዊስ ሄደ፤ በዓድዋ ጦርነት ዘመን፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ወደ ኢጣሊያኖች ወገን ዞረ። ከዚያም በኔፕልስ አማርኛ አስተማሪ ሆነ፤ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድም በ1900 ዓ.ም. በሮም ታተመለት። በኋላ ነጋድራስ ቢባልም በ1928 ዓ.ም. ከወራሪው ጋር ቆመ፤ ከነጻነት በኋላም በግዞት ሳለ በጅማ ሞተ። ዛሬ ስሙ የሚነሣው በብዕሩ እንጂ በብሩሹ አይደለም።

ክህደቱን በሙያው ዕጣ ልናጸድቅለት አንሻም፤ ቅር እያላቸው አገራቸውን ያልለወጡ ብዙዎች ናቸውና። ነገር ግን አገር ልጁን አስተምሮ የሚያስተምርበትን ስፍራ ካላዘጋጀለት፣ ጥበቡ ከአንድ ሰው ጋር ተጉዞ ከአንድ ሰው ጋር እንደሚቀር ከዚህ ታሪክ እንማራለን። የመቀሌውም አናጢ የቱሪኑም ተማሪ በዚህ ይተባበራሉ።

ያ ስፍራ የተገኘው ሰባ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። በቺካጎ የተማሩት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ የመቀሌ ልጅ ሥዕልን ለመማር ባሕር መሻገር ግድ አልሆነበትም።

ቅሬታ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በጀርመን አገር በኮሎኝ የተማረው ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥዕሎቹን ባሳየ ጊዜ፣ ሥራው የአገር ጠባይ የለውም የሚሉ ተነሡበት። እርሱ ግን በዚያው ትምህርት ቤት ያስተምር ስለ ነበር ክርክሩን ለተማሪዎቹ አወረሳቸው፤ ከሸራቸውም ፊት ቆመው መልሱን ራሳቸው ፈለጉ። ለአፈ ወርቅ እንዲህ ያለ ወራሽ አልተገኘለትም ነበር። እንግዲህ አስተማሪም ባለ ሥልጣንም ወጣት ሠዓሊን ወደ ትምህርት ሲሸኝ፣ ሲመለስ የሚያስተምርበትን ክፍል ከወዲሁ ያስብለት እንላለን።