ትምህርት ቤቶቿን ያልዘጋችው ከተማ

እኛ «የኅዳር በሽታ» የምንለው ወረርሽኝ በ1918 (እ.ኤ.አ.) ዓለምን ሲያዳርስ፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ከተሞች ትምህርት ቤት ዘጉ። ኒውዮርክ ግን አልዘጋችም። እብደት ይመስላል አይደል? አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ተማሪ ነበራት!

የከተማዋ የጤና ኃላፊ ሮያል ኮፕላንድ ግን ምክንያት ነበራቸው። አብዛኛው ልጅ የሚኖረው በተፋፈገ የኪራይ ቤት ስለሆነ፣ ንጹሕና አየር የሚገባው ክፍል ይሻለዋል አሉ። ተማሪው ጠዋት ግቢ ውስጥ ሳይሰባሰብ በቀጥታ ወደ መምህሩ ይሄዳል። መምህሩ ያየዋል፤ ምልክት ካለበት ለብቻው ተለይቶ ይመረመራል፣ ከዚያም ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ይህ በአንድ ሌሊት የመጣ አሠራር አይደለም። ሊና ሮጀርስ የተባለች ነርስ ገና በ1902 በአራት ትምህርት ቤቶች ሥራ ጀምራ ነበር። ያኔ ያስቸገረው ቅማልና ትራኮማ ነበር፤ ስለ ወረርሽኝ ያሰበ አልነበረም። ውጤቱ ስላማረ ነርሶቹ በዙ። ኢንፍሉዌንዛው ሲመጣ ልጆቹን የሚያውቁ ነርሶች ቀድመው እዚያው ነበሩ።

መዝጋት ስህተት ነበር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በ2007 የ43 ከተሞችን መዝገብ ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ ቀድመው የዘጉና መሰባሰብን የከለከሉ ከተሞች በጥቅሉ ያነሰ ሰው እንደሞተባቸው አሳይተዋል። ከእነዚያ ውስጥ እንደ ኒውዮርክ ክፍት ያደረጉት ቺካጎና ኒው ሄቨን ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም የትምህርት ቤት ጤና ምርመራ ቀድመው የዘረጉ ናቸው።